የጉድጓዱ የመጀመሪያ ምርት

በሩን ከኋላዬ ሲቆልፉት መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። የቆርቆሮ ባልዲ፣ እጀታው በሽቦ የተጠገነ፣ በሩ ሥር የተቀመጠ፣ እስከ አፉ የሞላ። አሥራ አራት ሰው ይጸዳዳበታል፤ የሚደፋው ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ብቻ ነው። እኔ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነበር። አንዱ እስረኛ «እግርህን አንሳ» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማዬ የፈሰሰው ላይ ቆሟል። ይኸው ዛሬ አርጅቼም የማላውቀው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው።

ቤቱ ነቀምቴ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ያለ የድሮ የቡና መጋዘን ነው። ሌላው እስር ቤት ሁሉ ሞልቶ ነው አሉ እኛን እዚያ ያጎሩን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጭቃው ስንጥቅጥቅ ያለ። በየስንጥቁ ትኋን አለ። ትኋን ስልህ አንድ ሁለት እንዳይመስልህ። መዳፍህን ግድግዳው ላይ ካሳረፍክ ሥሩ ሲርመሰመስ ይሰማሃል። ስትጨፈልቀው ደግሞ ሽታው! ኤዲያ፣ እሱን ማውራት ያስጠላኛል። ግን አወራዋለሁ፤ ትኋኑ መጨረሻ ላይ ያስፈልገኛል።

እኔ ያን ቀን ላዬ ላይ ጥሩ ካፖርት ነበረኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከባድ ሱፍ፣ ገበሩ ሐር የመሰለ። እስረኞቹ ካፖርቱን አይተው ትልቅ ሰው የገባ መሰላቸው። ካፖርቱ ግን የኔ አልነበረም። ያሰረኝ የአውራጃው ሹም በገዛ እጁ ትከሻዬ ላይ የደረበልኝ ሽልማት ነው። በሸለመኝ በሦስተኛው ቀን አሰረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝ። አባቴ በንጉሡ ዘመን ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ እዚሁ የተወለደች ናት። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እያወራሁ አደግኩ። ወጣት ሳለሁ ኦጋዴን ወርጄ ነዳጅ ፍለጋ ከሚቆፍሩ ፈረንጆች ጋር ሠራሁ። ሥራዬ ጭቃ ነበር። መሳቅ ከፈለግህ ሳቅ፤ እናቴም ስትሰማ ስቃለች። ጉድጓድ ሲቆፈር በቧንቧው ውስጥ ቀጭን ጭቃ ይላካል። ጭቃው ወርዶ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ያንን ጭቃ የሚያይ፣ የሚያሸት፣ በጣቱ እያሸ ያገኘውን በደብተር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እሱ እኔ ነበርኩ። መሬት በሆዷ ምን እንዳለ ከኢንጂነሩ በፊት የሚያውቀው ጭቃ ጠባቂው ነው።

አገሬ ስመለስ አፌ አላርፍ አለኝ። ጠጅ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ወሬዬ ነዳጅ ነው። ወሬው ሹሙ ጆሮ ደረሰ። አኖ ከምትባለው መንደር አጠገብ ደግሞ በአንድ ገበሬ ማሳ ግርጌ፣ ውሃው ላይ ቀለማም ነገር የሚንሳፈፍበት ምንጭ እንዳለ ነግረውታል። ይዞኝ ሄደ። ውሃውን በጭራሮ ነካሁት። ላዩ ላይ ያለው ስስ ነገር እንደ መስታወት ተሰነጣጠቀና ስባሪው እንዳለ ቀረ። ዘይት ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ይገጥም ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄ የብረት ዝገት ነው። ነዳጅ አይደለም» አልኩት።

«አንተን ያመጣሁህ እንድትቆፍር ነው» አለኝ። ለትምህርት ቤት ውሃ ሊያወጣ የመጣውን የመቆፈሪያ መኪና፣ ከነፈረንጁ፣ ወደ አኖ አስነዳው።

ቆፈርን። ላይ ቀይ አፈር፣ ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቀይ ሸክላ፣ ከሥሩ እንደገና ጥቁር ድንጋይ። ሸክላው አበጠና ቧንቧውን ጨምድዶ ያዘው። አይወጣ፣ አይወርድ፣ አይዞር። ኦጋዴን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ናፍጣ እናወርድ ነበር፤ ናፍጣው በቧንቧውና በሸክላው መሀል ገብቶ ያሙለጨልጨዋል። እዚህም አራት በርሜል አስወረድኩ። በደብተሬም እንደ ደንቡ ጻፍኩት። በማግስቱ ቧንቧው ለቀቀ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ቀድተን ማውጣት ስንጀምር ናፍጣው ከቧንቧው ግራሶና ከጭቃው ጋር ተለውሶ፣ ጥቁር ቅባት ሆኖ ወጣ።

ሹሙ ያን ቀን እዚያው ነበር። ድንኳን አስተክሏል፤ እንግዳ ጋብዟል። ጥቁሩን ነገር ሲያይ ዘሎ በጣቱ ነክሮ ቀመሰው። እግዚአብሔርን! ናፍጣና ግራሶ ልሶ «ይጣፍጣል» አለ። እንግዶቹም ተራ በተራ ቀመሱ። ጌታው ጣፈጠኝ ካለ ማን ደፍሮ ይመረዋል? አንዲት ወይዘሮ ጣቷን ከአፏ ሳታወጣ እልል ልትል ስትሞክር ትን አላት። ቆፋሪው ፈረንጅ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት። ሳቀና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እኔስ? ሹሙ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ደረበው። ሰው አጨበጨበ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ካፖርቱ ልክ በልኬ ነበር።

ኦጋዴን የነበሩት ፈረንጆች የመጀመሪያ ቀን ምርትን አያምኑም ነበር፤ እውነተኛ ነዳጅ ቢወጣ እንኳ። በመጀመሪያው ቀን ዘይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲያልቅበት ምርቱ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ የራሳችን ጭቃ የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ደህናው ጉድጓድ ደረቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ይጠብቃሉ፣ ይለካሉ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይመጣል። ወረቀት የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ግን ወግ አለ፤ ማርም ይሁን እህል፣ የመጀመሪያው ምርት እጅ መንሻ ነው፤ ወደ ላይ ይሄዳል። ሹሙም የወጣውን ቅባት በአረቄ ጠርሙስ አስሞላ፤ አፉን በሰም አሸገ፤ አንዱን ጠርሙስ በዚያው ዕለት ወደ ቤተ መንግሥት ሰደደ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ውሃ ብቻ ይሰጥ ጀመር። ጠርሙሱ ግን አዲስ አበባ ገብቷል። አሁን ማን አባቱ ደፍሮ ናፍጣ ነው ይበል?

ጠርሙሱ በሄደ ማግስት ገመድ የያዙ ሰዎች መጥተው መሬት ለክተው ነበር። የገበሬው ማሳ፣ የወንድሞቹ ማሳ፣ እስከ ምንጩ ድረስ የነዳጅ ክልል ተባለ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን በጸሐፊው ትከሻ ላይ አጮልቄ አየሁት። በባለይዞታነት የተጻፈው መንግሥት አልነበረም፤ ሹሙ ራሱ ነበር። ካፖርቱ ያኔ ከበደኝ። ቢሮው ሄጄ፣ ባለጉዳይ በሞላበት፣ «ጌታዬ፣ የወጣው እኛው ያፈሰስነው ናፍጣ ነው» አልኩ። ከዚያ ቢሮ የወጣሁት በሁለት ፖሊሶች መሀል ነው። ክሱ በዘውዱ ላይ ክፉ ወሬ መንዛት የሚል ነበር። የፖለቲካ እስረኛ ነበረ እያሉ የሚያከብሩኝ ሰዎች አሉ፤ እኔ የታሰርኩት በናፍጣ ነው።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ከባልዲው ዘወር ስል አንድ አዛውንት ጥግ ላይ ካለው ቦታቸው ተነሥተው በእጃቸው ጠሩኝ። ቀረብ ብዬ አየኋቸው። ያ ገበሬ ናቸው። ማሳቸውን የቦረቦርኩባቸው ሰውዬ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። እንዴት ዋልክ ልጄ ማለታቸው ነው።

እንዴት እንደዋልኩ ለሳቸው ምን ብዬ ልንገር? «ደህና ነኝ፣ አባ ኮ፣ አባቴ» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማሳዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚለው ወረቀት ላይ አሻራዎን ያድርጉ ተብለው እምቢ ብለው ነው የታሰሩት። «አንተስ?» ሲሉኝ ከሹሙ ጋር ተጣልቼ ነው አልኩ። ሌላውን ዋጥኩት። ለምን ብትል፣ ያስገባኝ ዘበኛ በሩ ላይ ጠጋ ብሎ «አፍህን ከያዝክ ጌታው ይፈቱሃል፤ እንደዚያ በልልኝ ብለውኛል» ብሎኝ ነበር። እኔም አፌን ያዝኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ያዝኩ።

እነዚያን ቀናት የመገቡኝ አዛውንቱ ናቸው። የኔ እናት ታማ አልጋ ላይ ነበረች። የሳቸው ልጅ ግን ከአኖ መጥታ ነቀምቴ ዘመድ ቤት አርፋለች፤ በየቀኑ የተቀቀለ አንጮቴ፣ እንደ ድንች ያለ ሥር፣ ከነልጣጩ ይዛ ትመጣለች። ዘበኛው በዱላው ጫፍ እየወጋ ይፈትሸዋል። በዚያው ዱላ ጠዋት ባልዲውን እንደሚገፋበት አይቻለሁ። አዛውንቱም አይተዋል፤ የተወጋውን ራሳቸው ይበሉና ደህናውን ለኔ ይልጡልኛል። ጸሎታቸው አጭር ነው። እንደ ሚሲዮኖቹ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ቃል ለአምላካቸው ለዋቀዮ ይሉና ይበላሉ። እኔ የምበላው አንገቴን ደፍቼ ነው። ካፖርቱ በሳምንቱ ቅማል ወርሶታል። ገበሩን ስገለብጠው በስፌቱ ላይ ተሰልፈው አያቸዋለሁ፣ ነጫጭ፣ የጠገቡ። አላወልቀው ነገር ብርድ፤ ለብሼው እንዳልተኛ ማሳከኩ። ራሴን ጠላሁት።

አንድ ቀን አንጮቴውን እየላጡ «እኔን የሚገርመኝ» አሉ፣ «ዘይት ከድንጋይ እንዴት ይወጣል? ድንጋይ ሆድ አለው እንዴ?»

ስለ ድንጋይ ሲጠይቁኝ ሞቅ ይለኛል። «ኦጋዴን ያለው ድንጋይ ድሮ የባሕር ወለል ነበር፤ ዛጎል ሁሉ እናገኝበታለን» አልኳቸው። «እንደ ዳቦ ነው። ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ዘይቱ ባሕር ሆኖ አልተቀመጠም፤ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ተመጥጦ ነው ያለው።»

«የኛ አገር ድንጋይስ?»

«የናንተማ ከእሳት የወጣ ነው። ጥቁር፣ ደረቅ። እንደ ወፍጮ ድንጋይ።»

«ወፍጮ ድንጋይ ዘይት አይጠጣም።»

«አይጠጣም።»

ቢላዋ አይፈቀድም፤ በጥፍራቸው ነው የሚልጡት። ልጣጩን አንሥተው ወደ ባልዲው ጣሉ። «እንግዲያው በኔ ማሳ ሥር የለም ማለት ነው?»

ዞር ብዬ አየሁ። ዘበኛው በሩ ላይ ነው። «ገና አልተጣራም፣ አባ ኮ» አልኩ።

ልጠው ጨረሱ። ከዚያ ትልቁን ቁራጭ ለኔ ሰጡኝ። እኔም በላሁት፤ አፌ አልተጣመመም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሹሙ ራሱ አጃቢዎቹን አስከትሎ መጣ። እሱን አንቱ ያልኩት ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ አሁን ስለማይሰማኝ እሱ እለዋለሁ። መሀረቡን ሽቶ ነክሮ አፍንጫው ላይ ይዟል። ዘበኛው በርጩማ አስገባ። በርጩማው ላይ የኔን ደብተር፣ ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የአሻራ ቀለም ያለበት ሳጥንና በሰም የታሸገ ጠርሙስ ደረደሩ። ጠርሙሱን ሳየው ከቤተ መንግሥት የተመለሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከቀሩት አንዱ ነው።

«በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚያጣሩ ሰዎች ይመጣሉ» አለኝ። «ደብተርህን ይጠይቃሉ። የዚያን ቀን ገጽ በራስህ እጅ እንደገና ትጽፈዋለህ። ያ የናፍጣ ነገር አይኖርበትም። ይኸው ነው። ዛሬ ቤትህ ትገባለህ፤ የጉድጓዱ ኃላፊም አንተ ትሆናለህ።»

ወደ አዛውንቱ ዞረ። «አንተ ሽማግሌ፣ አንተም ና። አሻራህን አድርግና ሂድ። ይሄ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ምን ያንገበግብሃል?»

አዛውንቱ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጌታዬ» አሉ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው፣ «እኔ የዘራሁት ላይ ያለውን ነው። ሥሩ ያለውን አልዘራሁም። እውነት ነዳጅ ካለ የመንግሥት ነው፤ እለቃለሁ። ግን እኔ አላየሁም። ያየው ይሄ ልጅ ነው። ጭቃውን በእጁ የያዘ እሱ ነው። እሱ አለ ካለ አሻራዬን እሰጣለሁ።»

ሹሙ ፊቱ በራ። «ጥሩ! እንዲህ ነው ሰው!» አለ። የቀለሙን ሳጥን ራሱ ከፍቶ አቀረበ። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን ነከሩ። ሐምራዊ ሆነ። ጣታቸውን አየር ላይ ይዘው ወደኔ ዞሩ።

«ዱጋ ንገረኝ፣ ኢልማ ኮ» አሉ። «እውነቱን። ካለ አለ በለኝ፣ አልቀየምህም።»

«ንገረው እንጂ!» አለ ሹሙ።

እንግዲህ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽህም። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና። እናቴ አልጋ አጠገብ ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ ስቀመጥ። እስክሪብቶውን አነሣሁ። አለ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዝምታ ብያታለሁ፤ አሁን ድምፅ መጨመር ብቻ ነው የቀረኝ።

በዚህ መሀል አንድ ቅማል ከካፖርቱ ኮሌታ ወጥቶ በደረቴ ላይ መውረድ ጀመረ። ሹሙ አየው። «እፍ!» አለና በርጩማውን ገፍቶ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። መሀረቡን አፍንጫው ላይ ደፈነው። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ምራቁን ዋጠ። ተጸየፈኝ። እሱ! ናፍጣና ግራሶ በጣቱ ልሶ ይጣፍጣል ያለ፣ የሰው ማሳ በገመድ ጠቅልሎ በስሙ ያስጻፈ፣ በራሱ ካፖርት ላይ ያለ ቅማል አየና ሊያስመልሰው ደረሰ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ያስጠላኝ እኔው ነበርኩ፤ ለዚህ ሰው ብዬ የሽማግሌ አንጮቴ እየበላሁ ዋሽቻለሁ።

ወረቀቱን ሳብ አድርጌ ጻፍኩ። እየጻፍኩም ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው በደንብ እንዲሰሙ በኦሮምኛ። ቧንቧው በሸክላ ተይዞ ነበር። ለማስለቀቅ አራት በርሜል ናፍጣ በእኔ ትእዛዝ ወርዷል። የወጣው የወረደው ናፍጣ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ነዳጅ የለም። ፈረምኩበት።

በመጋዘኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ማከክ ያቆመባት ደቂቃ ያቺ ብቻ ናት።

ቀና ብዬ አዛውንቱን ማየት ፈራሁ። «አባ ኮ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ደብቄዎታለሁ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

እሳቸው ጎንበስ አሉና ያንን ሐምራዊ አውራ ጣት ከፊርማዬ ሥር አሳረፉት። አልቸኮሉም፤ ግራና ቀኝ አንከባለው፣ ደህና እስኪይዝ ድረስ ተጫኑት። «አለ ካለ እሰጣለሁ፣ የለም ካለም እሰጣለሁ» አሉ ለሹሙ። «አሻራ ፈልገህ ነበር። ይኸው።»

ሹሙ ወረቀቱን ነጥቆ ቀደደው። አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ። ስድቡን አልደግመውም፤ ከባልዲው የባሰ ነው። ዘበኛውን «በረሀብ ቅጣቸው!» አለው። ደብተሬን በብብቱ ሸጎጠና ሊወጣ ሲል ካፖርቱን አወለቅሁ። «ጌታዬ፣ ንብረትዎ» ብዬ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ወጉ አቀረብኩለት። እዚያ ላይ ነው ጉዱ። ትንሽ አመነታ፤ ጥሩ ሱፍ ነው፤ ዋጋውንም ያውቀዋል። ተቀበለኝ! ክንዱ ላይ ጣል አድርጎት ከነሠራዊቱ ወጣ። እስረኛው ሁሉ አፉን ይዞ በሳቅ ተንፈቀፈቀ።

በሩ ሲዘጋ ነው ጠርሙሱ ወለሉ ላይ መቅረቱን ያየነው። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ተመልሶ ገባ። ጠርሙሱን አየ፤ እኛን አየ፤ ግድግዳውን አየ። እሱም ማታ ማታ ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ አንገቱ ሁሉ ንክሻ ነው። «እኔ ምንም ጠርሙስ አላየሁም» አለና በሩን ዘጋው።

ሰሙን የፈለቀቁት አዛውንቱ ናቸው። አሸተቱት። ለኔም ሰጡኝ፣ አሸተትኩት። «ናፍጣ ነው» አልኩ። ፈገግ አሉ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከነጠላቸው ጥለት ቀደዱ፤ እኔ የሸሚዜን ጫፍ ቀደድኩ፤ ሌላውም ያለውን ቀደደ። ጨርቁን በቁጠባ እየነከርን በየስንጥቁ ሰገሰግን። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከወለል እስከ ቁመታችን፣ አሥራ አራት ሰው ሆነን ቀባነው። ትኋኑ ይረግፍ ጀመር። እየጠረግን ወደ ባልዲው ጨመርነው። ሲያስጠላ! ግን ሥራ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛው ለኛው የሠራነው።

«ኢልማ ኮ» አሉ አዛውንቱ ጨርቁን እየጨመቁ፣ «ጉድጓድህ እኮ ምርት ሰጠ።»

ብዙ ቀን ያለ ንክሻ ተኛን። የጉድጓዱ የመጀመሪያ ምርት ይኸው ነው፤ የመጨረሻውም።

የሚያጣሩት ሰዎች መጡ አሉ። ጉድጓዱን አዩ፣ ውሃ ነው፤ የሹሙን ጠጅ ጠጡ፣ ሄዱ። ስለ ነዳጅ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣም፤ ስለ ጠርሙሱም ማንም አልጠየቀም። አዛውንቱ የመልቀቂያውን አሻራ ሳይሰጡ፣ ከብዙ ወር በኋላ ተፈቱ። መሬቱ ወረቀቱ ስላልሞላ በእጃቸው ቀረ። እኔ ከሳቸው በኋላ ዓመት ተቀመጥኩ። እናቴ እዚያ እያለሁ ሞተች፤ አልቀበርኳትም። ሹሙ ወደ ተሻለ አውራጃ ተዛወረ። እስኪ ይሄንን ምን ትለዋለህ? የሹመቱን ፎቶ አይቻለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል።

ጉድጓዱ ዛሬም አለ። ለአንድ ክረምት ናፍጣ ናፍጣ ሲል ቆየ፤ ከብት እንኳ አልቀርብ ብሎት ነበር። ኋላ እየጠራ ሄደ። አዛውንቱ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ልጃቸው፣ ያቺ አንጮቴ የምታመላልሰው፣ አሁን ጸጉሯ ነጭ ነው። በአኖ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ እጠይቃታለሁ። አባቷ አንድ ሥርዓት ትተው ሄደዋል። እኔ ስመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከጉድጓዱ ውሃ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው ጣሳ ለኔ ይሰጣል፤ እኔ አሽትቼ ሳልናገር ማንም አይጠጣም። ልጆቹ ጨዋታ ይመስላቸዋል። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች፤ ልክ እንደ አባቷ።

ባለፈው ጥቅምትም ሄጄ ነበር። ጣሳውን ተቀበልኩ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አሸተትኩት፣ ቆይቼ እንደገና አሸተትኩት።

«ውሃ ነው» አልኩ። ከዚያ ሁሉም ጠጡ።